ያማሃ ኤምቲ-07 ሞተር ሳይክል በዝግታ ሲነዳ ጋዙ ይዘላል፤ ምን ይደረግ?

ከካርቡሬተር_የመጣ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከ150 ሲሲ ባለ ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየርን ያለ ኮምፒውተር የሚቀላቅል) ወደ 2021 ኤምቲ-07 ለተሻገረ ሰው ምክር እፈልጋለሁ። አውራ ጎዳና ላይ ምንም ችግር የለም። በ1ኛና በ2ኛ ማርሽ፣ በሰዓት ከ15 እስከ 30 ኪሎ ሜትር ሲኬድ ግን ጋዙ ተዘግቶ እንደገና ሲከፈት ሞተሩ ወደ ፊት ይወረወራል፤ ሲዘጋ ደግሞ ፍሬን እንደተያዘ ያህል ይጎትታል። ኮብልስቶን ላይ ይብሳል። የሚስተካከል ነገር አለው ወይስ እጅ እስኪለምድ መጠበቅ ነው?

የጋራዥ_ልጅ፦
መጀመሪያ ማስተካከል፣ ከዚያ መልመድ። ጋዝ ሙሉ በሙሉ ሲዘጋና ዙሩ ከሚኒሞ (ጋዝ ሳይነካ ሞተሩ ከሚዞርበት ዝቅተኛ ዙር) በላይ ሲሆን የሞተሩ ኮምፒውተር ቤንዚን መርጨቱን ያቆማል። መልሰህ ስትከፍት ቤንዚኑ ባንዴ ይመጣል። ካርቡሬተር እንዲህ ቁርጥ አያደርግም። 689 ሲሲው ሞተር ደግሞ ከዝቅተኛ ዙር ጀምሮ ጉልበተኛ ስለሆነ ያቺ ቅጽበት ጎልታ ትሰማለች።

ያንተ ሞዴል ጋዙ በካቦ ነው የሚሠራው፤ ስለዚህ በእጅ ይስተካከላል። ሞተሩን አጥፋና የጋዝ እጀታውን ጠርዝ በማስመሪያ ለካ፦ ካቦው እስኪወጠር ድረስ በባዶ የሚዞረው ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ወደ 3 አስጠጋው። ከዚያ ካለፈ እጅህ በባዶው ሲሮጥ ቆይቶ ነው ጋዙ ላይ የሚደርሰው፤ ዝላዩ የሚብሰው ለዚህ ነው። የማቆሚያውን ዳዶ አላላ፣ ማስተካከያውን ወደ ውጭ ስታወጣው ልቅነቱ ይቀንሳል፣ ከዚያ ዳዶውን መልሰህ እሰር። አሁን ሞተሩን አስነሳና በዜሮ ማርሽ መሪውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አዙር። ሚኒሞው ከፍ ካለ ካቦው ጠብቋል ማለት ነው፤ እንደዚያ ሆኖ መንገድ አትውጣ። እጀታው ሲለቀቅ ራሱ ቷ ብሎ መዘጋት አለበት።

ካቴናውንም አትርሳ። የላላ ካቴና በየመክፈቱና በየመዝጋቱ ይመታል፤ ሰው ግን ጋዙን ይወቅሳል። ጎማውን እያዞርክ በጣም የጠበቀበትን ቦታ ፈልግና እዚያ ለካ፤ ልኩ መመሪያ መጽሐፉ ላይ አለ። ከልኩ በላይ አታጥብቅ፣ የማርሽ ሳጥኑን ኩሽኔታ ይጎዳል።

ቀስ_በል፦
ከላይ የተባለው ሁሉ ልክ ነው። የቀረው እጅ ነው። ኮብልስቶን ላይ የሚብሰው ሰውነት ሲነጥር የእጅ አንጓ ጋዙን አብሮ ስለሚከፍትና ስለሚዘጋ ነው። ሰርባቶዮውን (የቤንዚን ታንኩን) በጉልበትህ ያዝ፣ ክርንህን እጠፍ፣ ክብደትህን መሪው ላይ አትጣል። አመልካች ጣትህን ወይም አውራ ጣትህን በማብሪያ ማጥፊያው ሳጥን ላይ አስነካ፤ ሳጥኑ ስለማይንቀሳቀስ እጅህ መደገፊያ ያገኛል።

ዋናው ግን ጋዙን እስከ መጨረሻው አለመዝጋት ነው። በጣም ትንሽ ክፍት አድርገህ ተወውና ፍጥነቱን በኋላ ፍሬንና በፍሪሲዮን ግማሽ መያዣ ተቆጣጠር። ፍሪሲዮኑ ዘይት ውስጥ የሚሠራ ስለሆነ ለአጭር ጊዜ ሲንሸራተት አይቃጠልም። ከ20 በላይ ከሆንክ 1ኛን ትተህ 2ኛ ተጠቀም። ባዶ ሜዳ ላይ ሁለት ድንጋይ 20 ሜትር አራርቀህ አስቀምጥና ጋዙን ሳትዘጋ 10 ደቂቃ በስምንት ቁጥር ዙርባቸው። መሀል ላይ ፍሬኑን አሳርፈው፤ በጣም ከጋለ ፔዳሉ ይለሰልሳል።

ከካርቡሬተር_የመጣ፦
አመሰግናለሁ። ልቅነቱ 8 ሚሊ ሜትር ነው! ኮምፒውተሩን ማስጻፍስ (ፕሮግራሙን ማስቀየር) ያዋጣል?

የጋራዥ_ልጅ፦
8 ከሆነ ግማሹ ችግር እሱ ነው። ኮምፒውተሩ ሲጻፍ የቤንዚን መቁረጡ ሊጠፋ ይችላል፤ መክፈቻውም በእርግጥ ይለሰልሳል። ግን ጋዝ ስትለቅ ሞተሩ የሚይዝህ ይቀንሳል፣ ዋስትናም ካለህ ሊቀር ይችላል። ካቦና ካቴናውን አስተካክለህ ሁለት ሦስት ሳምንት ንዳ። ያኔም ከዘለለ አስጽፈው።

ቀስ_በል፦
ሞተሩ ሳይሞቅ አትፍረድ። ቀዝቃዛ ሲሆን ሚኒሞው ከፍ ስለሚል ሁሉም ነገር ይለያል። ስትለካም ስትለማመድም አሙቀህ ይሁን።