ቲኤልኤስ ካበራን ወዲህ ፋይልዚላ ይገባል፣ ፎልደሩ ግን አይከፈትም

ጠያቂ (ፒያሳ፣ ጎንደር)፦ ሰላም ወገኖች። አዘዞ ያለው ማተሚያችን ኡቡንቱ ላይ ቪኤስኤፍቲፒዲ (ፋይል የሚቀበል የሰርቨር ፕሮግራም) የተጫነበት ሰርቨር አለው። ከራውተር ጀርባ ነው፤ የውስጥ አድራሻው 192.168.1.20። ከፒያሳው ስቱዲዮ በፋይልዚላ (የፋይል መላኪያ ፕሮግራም) ፎቶ እንልካለን፤ ጥምቀት ሲደርስ ደግሞ ብዛቱ ሌላ ነው። በተራው፣ ባልተቆለፈው ኤፍቲፒ (የፋይል መላላኪያ ዘዴ) ያለ ችግር ይሄድ ነበር። ቲኤልኤስ (ንግግሩን የሚቆልፍ ምስጠራ) ስናበራ ሰርተፊኬቱን ይቀበላል፣ ፓስወርዱም ያልፋል፤ የፎልደሩን ዝርዝር ሲጠይቅ ቀጥ ይላል። ከ20 ሰከንድ በኋላ ታይም አውት። ማተሚያው ውስጥ ካለ ኮምፒውተር ግን ይሠራል። ሎጉ ላይ ከመቆሙ በፊት 227 ብሎ (192,168,1,20,195,80) ይጽፋል። ራውተሩ ላይ የከፈትነው 21ን ብቻ ነው።

ማራኪ፦ ሎጉን መለጠፍህ ሥራ አቀለለ። ፓስወርዱ ካለፈ ቲኤልኤሱም ሰርተፊኬቱም ደህና ናቸው፣ አትነካካቸው። ኤፍቲፒ በ21 የሚቀባበለው ትእዛዝ ብቻ ነው፤ ዝርዝሩም ፋይሉም የሚመጣው በሌላ ፖርት ነው። የትኛው እንደሆነ 227 ነግሮሃል፦ 195 × 256 + 80 = 50000። እሱ ደግሞ ራውተርህ ላይ ዝግ ነው።

ቀድሞ እንዴት ሠራ ካልክ፣ ብዙ ራውተሮች የ21ን ንግግር እያነበቡ የውስጡን አድራሻ በውጩ ይተኩና የተጠራውን ፖርት ለጊዜው ይከፍታሉ። ቲኤልኤስ ሲበራ ንግግሩ ስለሚቆለፍ ራውተሩ የሚያነበው የለም። ስለዚህ በእጅ መክፈት ነው።

የቪኤስኤፍቲፒዲ ማስተካከያ ፋይል ላይ የፓሲቩን (ሰርቨሩ ለዳታ የሚከፍታቸውን ፖርቶች) ዝቅተኛ ፖርት 50000፣ ከፍተኛውን 50050 አድርግ። ራውተሩ ላይ ይህንኑ ክልል በቲሲፒ ወደ 192.168.1.20 ፎርዋርድ አድርገው (ከውጭ የመጣውን ወደዚያ ያሳልፍ)። የውጩና የውስጡ ቁጥር አንድ ይሁን፤ 60000ን ወደ 50000 ማዞር አይሠራም፣ ክላይንቱ (ፋይልዚላው) የሚያንኳኳው 227 የነገረውን ቁጥር ነውና። የኡቡንቱው ፋየርዎል በርቶ ከሆነ እዚያም ክፈት፣ ከዚያ ሰርቪሱን ሪስታርት። እያንዳንዱ ዝውውር የራሱን ፖርት ስለሚይዝ አራት አምስት ብቻ ከፍተህ አትተው፤ ትንንሽ ፎቶ ሲበዛ መሐል ላይ ይቆምብሃል።

አራዳ፦ ፖርት ፎርዋርድ አልሠራ ላላችሁ ሌሎች፦ የራውተሩ የውጭ አድራሻ በ10 ወይም ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ከጀመረ የራሳችሁ የሕዝብ አድራሻ የላችሁም፣ ምንም ብትከፍቱ ከውጭ አይገባም። የጠያቂው 21 ከውጭ ስለሚገባ ይህ አይመለከተውም።

ጠያቂ፦ ፋይልዚላው ሠራ፣ ተባረኩ! አሁን የቀረው ማታ ማታ የሚልከው የፓይተን ስክሪፕት ነው። 522 ብሎ ሴሽኑ ካልተደገመ አልቀበልም ይላል።

ማራኪ፦ ይህ ሌላ ነገር ነው። ቪኤስኤፍቲፒዲ ካልነካኸው በቀር የዳታው ኮኔክሽን በ21 የተጀመረውን የቲኤልኤስ ሴሽን (ቀድሞ የተስማሙበትን ቁልፍ) እንዲደግም ያስገድዳል፤ ሌላ ሰው መሐል ገብቶ የዳታውን ፖርት እንዳይነጥቅ ነው። ፋይልዚላ ይደግማል። የፓይተን የኤፍቲፒ ላይብረሪ በራሱ አይደግምም። ሰርቨሩ ላይ የሴሽን መድገም ግዴታውን ኖ ብታደርገው ያልፋል፣ ግን ለአንድ ስክሪፕት ብለህ የሁሉንም ጥበቃ ታላላለህ። እኔ አልመክርም።

ወለቃ፦ ወንድምዓለም፣ ስክሪፕቱን ወደ ኤስኤፍቲፒ አዙረውና ተገላገል። በኤስኤስኤች (ሰርቨርን ከርቀት ማዘዣው የተቆለፈ መስመር) የሚሄድ ነው፣ ፖርቱ 22 ብቻ፣ ፓሲቭ የሚባል ጣጣ የለውም። ስማቸው ቢመሳሰልም ከኤፍቲፒኤስ (ቲኤልኤስ ከበራበት ኤፍቲፒ) ጋር አይገናኙም፤ በኤስኤፍቲፒ 21ን ብታንኳኳ አይግባባም። ሰርተፊኬት አይጠይቅም፣ የሰርቨሩን ቁልፍ አንዴ አረጋግጠህ ትይዛለህ። ተጠቃሚውን በአንድ ፎልደር ከቆለፍከው ፎልደሩ የሩት (የሰርቨሩ ዋና አስተዳዳሪ) ንብረት መሆን አለበት፣ ሌላ ማንም መጻፍ የለበትም። መጫኛውን ንዑስ ፎልደር ውስጡ ሥራ። ይህን የዘለለ ሰው ፓስወርዱ አልፎ ወዲያው ይቋረጥበታል።

አራዳ፦ በጎን አንድ ነገር። የማዘርቦርዱ ባትሪ ያለቀበት ኮምፒውተር መብራት በሄደ ቁጥር ቀኑን ያጣል፤ ሲሞሉት ደግሞ በእኛ አቆጣጠር የሚሞሉት አሉ። ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ስለሚሄድ ሰርተፊኬቱ ገና ሥራ ያልጀመረ ይባላል። የሰርተፊኬት ኢረር ካያችሁ መጀመሪያ ሰዓቱን እዩ።

ጠያቂ፦ ኤስኤፍቲፒው ሠራ። አንድ ልጅ ደግሞ የፓሲቭ አድራሻውን (ሰርቨሩ በ227 የሚነግረውን) በውጩ አድራሻ ሙላው አለኝ፤ ሞላሁት፣ አሁን ማተሚያው ውስጥ ያሉት አልከፍት አላቸው።

ማራኪ፦ አጥፋው። ውስጥ ያሉት ወደ ውጭ ወጥተው እንዲመለሱ እያዘዝካቸው ነው፣ ሁሉም ራውተር ይህን አያሳልፍም። ባዶ ሲሆን ሰርቨሩ 192.168.1.20 ይላል፤ ለውስጡ ትክክል ነው፣ ከውጭ ያለው ፋይልዚላ ደግሞ የማይደረስ አድራሻ መሆኑን አይቶ በገባበት አድራሻ ራሱ ይተካዋል። ከውጭ የምትጠቀሙት ፋይልዚላን ብቻ እስከሆነ ድረስ መሙላት አያስፈልግህም።