ከማኒላ ታአል ከተማ ደርሶ መልስ በአንድ ቀን ይቻላል?

ጥያቄ፦ የዱባይዋ
ሰላም ለሁላችሁ። አብራኝ የምትሠራ ፊሊፒናዊት ጓደኛዬ ታኅሣሥ ላይ ልታገባ ነው፤ ለሠርጓ ማኒላ እሄዳለሁ። ከሠርጉ በኋላ አንድ ነጻ ቀን አለኝ፤ ወይ እሁድ ወይ ሰኞ። ባታንጋስ ክፍለ ሀገር ውስጥ ያለችውን ጥንታዊቷን ታአል ማየት አምሮኛል። ሙሽራዋን በዚያ ሰሞን ማስቸገር አልፈልግም። ብቻዬን በአውቶቡስ ሄጄ ማታ መመለስ እችላለሁ? እግረ መንገዴንስ የታአል እሳተ ገሞራ ጋ በጀልባ ብሻገር? ደግሞ የነቢያት ጾም ላይ ነው፤ ምን እበላለሁ?

መንገደኛው፦
እኔን ከሰማሽኝ ታአልን ተዪውና ቪጋን ወደምትባለው ጥንታዊ ከተማ ሂጂ። በዩኔስኮ የተመዘገበች ናት፤ የድንጋይ መንገዷና የፈረስ ጋሪዋ ሌላ ነው።

ማኒላ የኖረች፦
ወንድሜ፣ ቪጋን እኮ ከማኒላ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው! ልጅቷ ያላት አንድ ቀን ነው፤ አውቶቡስ ላይ ሊያልቅ ነው።

እህቴ፣ ታአል ይቻላል። ማኒላ ቡወንዲያ አካባቢ «ለመሪ» ወደምትባል ከተማ የሚሄዱ አውቶቡሶች አሉ። አንዳንዱ በታጋይታይ በኩል ስለሚዞር ከመሳፈርሽ በፊት ታአል ከተማን ያልፍ እንደሆነ ረዳቱን ጠይቂው። ባያልፍም ችግር የለውም፤ «ለመሪ» ላይ ወርደሽ በጂፕኒ (እንደኛ ሚኒባስ ታክሲ ያለ ነው) ቅርብ ነው። መንገዱ ካልተዘጋጋ ሦስት ሰዓት ቢፈጅ ነው። ሳይነጋ ውጪ። እሁድ ማታ ወደ ማኒላ የሚመለሰው መኪና ጉድ ስለሆነ ከሰዓት በኋላ ብዙ አትቆዪ።

ቀኑን በተመለከተ እሁድን ያዢ። ሰኞ የመንግሥት ሙዚየሞች ዝግ ናቸው። ከነሱ አንዱ የሆነው የማርሴላ አጎንሲሎ ቤት ሳይታይ ታአል ታየ አይባልም። የፊሊፒንስን የመጀመሪያ ባንዲራ በፈረንጅ 1898 ሆንግ ኮንግ ሆና የሰፋችው እሷ ናት፤ የታአል ልጅ ነች። ቤቱ እንደ ሌሎቹ የድሮ ቤቶች ነው፤ ታቹ ድንጋይ፣ ላዩ እንጨት። መስኮቱ መስታወት እንዳይመስልሽ፤ ስስ የባሕር ዛጎል በትንንሽ አራት ማዕዘን ተቆርጦ ነው የተገጠመው። ብርሃኑ ወተት መስሎ ነው የሚገባው። እሱን ቆም ብለሽ እዪው።

የታሪክ ነገር የሚወድ፦
የጀልባውን ሐሳብ እርሺው። ከተማዋና እሳተ ገሞራው ስም ይጋራሉ እንጂ ዛሬ አንድ ቦታ አይደሉም። ድሮ ታአል ሐይቁ ዳር ነበረች። በ1754 (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) እሳተ ገሞራው ለወራት ሲፈነዳ ከተማዋ ጠፋችና ሕዝቡ አሁን ወዳለችበት፣ ወደ ባሕሩ በኩል ሸሸ። ተራራው ጥር 2020 እንደገና ፈንድቷል፤ ደሴቱ ቋሚ የአደጋ ቀጠና ነው። ማየት ከፈለግሽ ከታጋይታይ ከፍታ ላይ ቁልቁል ይታያል።

ቤተ ክርስቲያኑ የቅዱስ ማርቲን ባሲሊካ ነው። በእስያ ትልቁ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ነው ይሉታል፤ ርዝመቱ ወደ 89 ሜትር፣ ወርዱ 48። አዲሱ ቦታ ላይ መጀመሪያ የሠሩትን የመሬት መንቀጥቀጥ ስለጣለው፣ የአሁኑ ግንባታ የተጀመረው በ1856 ነው። እሁድ ቅዳሴ አለና በመሀል እየዞሩ ፎቶ ማንሳት ነውር ነው።

እማማ ከባታንጋስ፦
ልጄ፣ ስለ ምግቡ እኔን ስሚኝ። የታአል ዝነኛ ምግብ ታፓ የሚሉት የተቀመመ ሥጋና ሎንጋኒሳ የሚሉት ቋሊማ ነው፤ ሁለቱም አሳማ ነው። «ታፓ» ሲሉሽ የበሬ መስሎሽ እንዳትዪ፤ ሌላ ቦታ የበሬ ነው፣ ታአል ላይ ግን የአሳማ። ዓሣ ለሚበላ ከሐይቁ የሚወጣ ታዊሊስ አለ፤ እሱም እየተመናመነ ነው፣ ባትበዪውም ምንም አይቀርብሽም። ለጾም የሚሆንሽ ሱማን ነው፤ የሚጣበቅ ሩዝ በኮኮናት ወተት ተቀቅሎ በሙዝ ቅጠል ይጠቀለላል። ፓኑቻም አለ፤ ለውዝ በጥቁር ስኳር ነው። ገበያው ባሲሊካው አጠገብ ስለሆነ ሁሉንም እዚያው ታገኛለሽ።

ቡናቸው ባራኮ ይባላል። የኛ አረቢካ ሳይሆን ላይቤሪካ የሚሉት ዝርያ ነው። ኃይለኛ ነው! ጀበና ለለመደ ሽታው መጀመሪያ እንግዳ ይሆናል። ቅመሺውና ፍረጂ።

የዱባይዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እማማ! በቃ እሁድ ነው። ስጦታ ምን ልግዛ? ታጣፊው ቢላዋ፣ ባሊሶንግ የሚሉት፣ እዚያ ይሠራል ሲሉ ሰምቻለሁ። ጫማስ?

ማኒላ የኖረች፦
ቢላዋውን በእጄ ይዤ ልመለስ ብለሽ ኤርፖርት እንዳትጣዪ፤ ተዪው። ይልቅ ከአናናስ ቅጠል ክር የሚሸመን ፒኛ የሚባል ጨርቅ አለ። የታአል ሴቶች ጥልፉን ይችሉበታል፤ ጥበብ ለሚወድ ዓይን ይይዛል። የእጅ ሥራ ስለሆነ ግን ውድ ነው፤ አቅም ካነሰ መሐረብ በቂ ነው።

ጠፍጣፋ ጫማ አድርጊ። ከባሲሊካው ወደ ካይሳሳይ ቤተ ክርስቲያን የሚያወርደው የድንጋይ ደረጃ 125 ነው። መውረዱ ቀላል ነው፤ መውጣቱን ፀሐይ ሳይበረታ ጨርሺው፣ ወይ ታች ትራይስክል (እንደ ባጃጅ ያለ ነው) ያዢ።

መንገደኛው፦
እሺ ተሸነፍኩ። አንድ ነገር ልጨምር፦ ዝርዝር ፔሶ ያዢ፣ ካርድ ጂፕኒ ላይ አይሠራም። ሒሳብ ስትከፍዪ «ባያድ ፖ» ብለሽ ለአጠገብሽ ሰው ስጪው፤ ከእጅ ወደ እጅ ሾፌሩ ጋ ይደርሳል፣ መልሱም እንደዚያው ይመጣል። መውረድ ስትፈልጊ «ፓራ ፖ» በይ፤ ጮክ ብለሽ!