ልጄ ጡት አይለቅም፤ ወተቴ ነጥፎ ይሆን?

የ44 ቀን እናት፦
እባካችሁ አሁኑኑ የሚመልስልኝ ሰው እፈልጋለሁ። ልጄ ነገ 45 ቀኑን ይደፍናል። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ከቀኑ 11 ሰዓት አንስቶ እስከ ሌሊቱ 5 ሰዓት ድረስ ጡት ከአፉ አይወጣም፤ ይጠባል፣ ይለቃል፣ ያለቅሳል፣ ደግሞ ይጠባል። ቀድሞ እያጋተ ልብሴን ያበሰብስ የነበረው ጡቴ አሁን እንደ ባዶ ከረጢት ለስልሷል። ዛሬ ከጎረቤት በተዋስኩት የእጅ ማለቢያ ሃያ ደቂቃ ታግዬ ከሁለቱም ጡት ያገኘሁት 30 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። አማቴ «ልጁ ተርቧል» ብለው የዱቄት ወተት አስገዝተዋል፤ ቆርቆሮው ፊቴ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፣ ጡጦውም ተቀቅሏል። ልክፈተው ወይስ ልተወው?

የአምስት ልጆች እናት፦
ልጄ፣ የዛሬ ሴቶች የአራስነት ወጉን ሳትጨርሱ ከአልጋ ትነሱና ወተት ጠፋ ትላላችሁ። የአጃ አጥሚት ጠዋትና ማታ ትኩሱን ጠጪ። የአብሽ ዱቄት ዘፍዝፈሽ አሳድሪና መራራው እስኪለቅ ውሃውን እየቀያየርሽ አጥልይው፤ ከዚያ ነጥቶ አረፋ እስኪያወጣ ድረስ ምቺውና በማር ጠጪው። ገንፎም አትተዪ። ጀርባሽን ብርድ አያግኘው። እኔ አምስቱንም ያሳደግኩት በዚህ ነው፤ ሆዱን ሲነፋው ደግሞ ለብ ያለ ውሃ በማንኪያ እሰጥ ነበር።

ሁለተኛዬን የማጠባ፦
እህቴ፣ ዋናውን ነገር ሳትነግሪን ነው የጠየቅሽው። በቀን ስንት ጊዜ ይሸናል? ለመጨረሻ ጊዜ የተመዘነው መቼ ነው፣ ስንትስ ነበር? እነዚህን ሳያውቅ የሚመልስልሽ ሰው ግምቱን ነው የሚነግርሽ። የእኔም የመጀመሪያ ልጅ በስድስተኛው ሳምንት ልክ እንደዚህ ማታ ማታ አላስቀምጥ ብሎኝ ነበር፤ በአራተኛው ቀን በራሱ ተወው።

አባወራ ነኝ፦
ይቅርታ፣ ምክር የለኝም፤ ምስክርነት ግን አለኝ። ባለቤቴ ስትወልድ የመጣውን አጥሚትና አብሽ እሷ ስትጠግብ ቀሪውን እኔ እጨርስ ነበር። ላቤ ሁሉ አብሽ አብሽ እያለ መሥሪያ ቤት እስኪታወቅብኝ ድረስ ጠጣሁ፤ በሁለት ወር ውስጥ ኪሎ የጨመርነው ልጁና እኔ ነን።

የ44 ቀን እናት፦
ሲወለድ 3.1 ኪሎ ነበር፤ በ30 ቀኑ ጤና ጣቢያ ወስጄው 3.9 ሆኖ ተገኘ። የሚለብሰው የሚጣል ዳይፐር ስለሆነ ሽንቱን በትክክል አልቆጠርኩም፤ ትናንት አምስት ወይም ስድስት የቀየርኩ ይመስለኛል። የክትባት ቀጠሮው ነገ ጠዋት ነው፤ አማቴ ግን እስከ ጠዋት የሚታገሡ አይመስሉም።

አዋላጅ ነርስ ነኝ፦
በመጀመሪያ፣ ልጁ ለመጥባት እንኳ የማይነቃ ከሆነ፣ ከስድስት ሰዓት በላይ ካልሸና፣ አፉ ከደረቀ ወይም እርግብግቢቱ ከጎደጎደ ጠዋትን ሳትጠብቂ አሁኑኑ ውሰጂው። ከእነዚህ አንዱም ከሌለ፣ በ30 ቀን 800 ግራም የጨመረ ልጅ እስከዚያ ቀን ድረስ በሚገባ ጠግቧል ማለት ነው። በዚህ ዕድሜ በቀን ከ20 እስከ 30 ግራም መጨመሩ በቂ ስለሆነ፣ ነገ ራቁቱን ተመዝኖ 4.2 ኪሎ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ቆርቆሮውን ለጎረቤት መስጠት ትችያለሽ። በ24 ሰዓት ውስጥ ስድስትና ከዚያ በላይ ዳይፐር በደንብ ሊረጥብ ይገባል፤ ዳይፐሩ እርጥበቱን ስለሚውጠው ውስጡ ቁራጭ ሶፍት አድርጊበትና ሲርስ ታዪዋለሽ።

ጡት ወደ ስድስተኛው ሳምንት ገደማ መለስለሱ ምርቱ ከልጁ ፍላጎት ጋር ስለተስማማ እንጂ ስለነጠፈ አይደለም። ማለቢያውም መለኪያ አይሆንም፤ ልጅ በአፉ የሚስበውን ያህል ብዙ ጊዜ አያወጣም፣ ጠብቶ ሲያበቃ የታለበ ከሆነማ 30 ሚሊ ሊትር ጥቂት አይደለም። ጡት የሚያመርተው በተጠባው ልክ ስለሆነ ያለ ምክንያት የሚሰጥ ጡጦ የነገውን ወተት ይቀንሳል። እናታችን የመከሩሽን አጥሚት ጠጪ፣ ኃይል ይሰጥሻል፤ ውሃውን ግን ከስድስት ወር በፊት በማንኪያም ቢሆን እንዳትሰጪው።

ቡና ወዳጅ፦
አብሽ ሞክሪ እህቴ። ለእኔ በሦስት ቀን ውስጥ ነው የሠራልኝ።

ሁለተኛዬን የማጠባ፦
አብሹ ከላይ ተነግሯል።

የመንትዮች እናት፦
እኔ በጥያቄው አነሳስ አልስማማም። ቆርቆሮ መክፈት ሽንፈት እንደሆነ ተደርጎ መቅረቡ ብዙ እናቶችን ሲያስለቅስ አይቻለሁ። መንትዮቼ ኪሎ አልጨምር ሲሉ ሐኪም አዝዞልኝ ከጡት በኋላ ጨመርኩላቸው፤ ዛሬ ትምህርት ቤት ናቸው። ከተከፈተ ግን ውሃው ፈልቶ፣ ዱቄቱም በማንኪያው ልክ መሆን አለበት፤ ለመቆጠብ ተብሎ የሚቀጥን ወተት ከረሃብ አያድንም።

አዋላጅ ነርስ ነኝ፦
ኪሎ ያልጨመረ ልጅ ሲሆን በሐኪም ምክር መጨመሩ ተገቢ ነው፤ በዚህ እስማማለሁ። ጠያቂያችን፣ ከ30ኛው ቀን ወዲህ የጀመርሽው መድኃኒት አለ?

የ44 ቀን እናት፦
መድኃኒት የለም። ከ10 ቀን በፊት ከፋርማሲ የገዛሁትን የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል ብቻ ነው የምወስደው፤ እሱን መድኃኒት ብዬ አልቆጠርኩትም ነበር።

አዋላጅ ነርስ ነኝ፦
እሽጉን አውጥተሽ ተመልከቺ፤ ሁሉም አንድ ቀለም ነው ወይስ ሁለት ዓይነት አለበት?

የ44 ቀን እናት፦
21 ነጭና 7 ቡናማ።

አዋላጅ ነርስ ነኝ፦
እንግዲያው ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ያለበት ይመስላል፤ በጀርባው የተጻፈውን ስም ነገ ጤና ጣቢያ አሳዪያቸው። ይህ ዓይነቱ እንክብል የጡት ወተትን ሊቀንስ ይችላል፤ ከወለዱ ስድስት ሳምንት ላልሞላቸው ደግሞ ደም የመርጋት ሥጋት ስላለው አይመከርም። አንድ ባትሽ ካበጠ ወይም ካመመሽ፣ ደረትሽን ከወጋሽ ወይም ትንፋሽ ካጠረሽ በሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ሂጂ። የዛሬውን አትውሰጂ፤ እስከዚያው ኮንዶም ተጠቀሙ። ነገ ልጁ ከተከተበ በኋላ እዚያው የቤተሰብ ምጣኔ ክፍል ግቢና የምታጠቢ መሆንሽን ነግረሽ ለአጥቢ እናት የሚሆነውን እንክብል፣ በክንድ የሚቀበረውን ወይም ማህፀን ውስጥ የሚቀመጠውን ሉፕ አማክሪ። የልጁ የማታ ማታ ጠባይ የዕድሜው ይሁን የእንክብሉ፣ የነገው ሚዛን ይነግረናል። እስከዚያ በሁለቱም ጡት እያፈራረቅሽ አጥቢው፤ በተለይ ሌሊት አትዝለይው።

አባወራ ነኝ፦
አማትሽንም አብሽ አጠጫቸው፤ ቢያንስ እጃቸው ከቆርቆሮው ይርቃል።

የ44 ቀን እናት፦
ሶፍቱ አሁን ረጥቧል፤ አማቴም አይተውታል። ቆርቆሮው ገና አልተከፈተም። ልጁ ነቃ፤ ነገ ከሚዛኑ በኋላ እጽፋለሁ።

ሁለተኛዬን የማጠባ፦
ሦስት ቀን አለፈ። ስንት መዘነ?

ቡና ወዳጅ፦
አብሹን ጀመርሽው?