ልብስ ላይ የሚሰካው ማይክ ሪከርደሬ ላይ አልሰራ አለኝ፤ ባለ 48 ቮልት ልግዛ?

የማራኪው ልጅ (ጠያቂ)
ሰላም ወገኖች። ጎንደር ነው ያለሁት። አያቴ የቅኔ መምህር ነበሩ፤ ዕድሜያቸው ገፍቷል፣ ድምፃቸውን ቀድቼ ላስቀር ብዬ ነው። የእጅ ሪከርደሬ የራሱ ማይክ ጥሩ ነው፤ ግን የቆርቆሮውን ዝናብም የጎረቤቱን ውሻም አብሮ ይቀዳል። ስለዚህ አንገት ሥር የምትሰካ ትንሽ ማይክ ገዛሁ። ስልኬ ላይ ቁልጭ ያለ ድምፅ ትሰጣለች። ሪከርደሩ ላይ ግን «ሽሽሽ» ብቻ! ሻጩ 48 ቮልት የሚሰጥ መሣሪያ ያስፈልግሃል አለኝ። እውነት ነው? ማይኳ ባትሪ የላትም።

ሬዲዮ ጠጋኙ
ብርህን ያዝ የኔ ልጅ። 48 ቮልት፣ ፋንተም ፓወር የሚሉት፣ ለትልልቆቹ የስቱዲዮ ማይኮች ነው፤ የሚመጣውም ባለ ሦስት እግር በሆነው ወፍራም ኤክስኤልአር ኬብል ነው። ያንተዋ ኤሌክትሬት የምትባል የማይክ ዓይነት ናት። ሆዷ ውስጥ አንዲት ትንሽ ትራንዚስተር አለች፤ እሷን ለማንቃት ከ1.5 እስከ 5 ቮልት ይበቃል። ይህን መቅጃው ራሱ ድምፁ በሚመጣበት ሽቦ ይልክላታል፤ ፕለግ ኢን ፓወር ይባላል። ስልክ ሳትጠይቀው ይሰጣል። ብዙ መቅጃ ግን ሜኑ ውስጥ ካላበራህለት አይሰጥም። ታስካም ዲአር-05 ላይ ለምሳሌ «ማይክ ፓወር» የሚል አለ። ያንተን ፈልገው።

የማራኪው ልጅ
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። አገኘሁት፣ አበራሁት። አሁንም ያው ነው። ባትሪዬንስ አይጨርስብኝም?

ሬዲዮ ጠጋኙ
ማይኳ የምትወስደው ከአንድ ሚሊአምፔር በታች ነው፤ አይሰማውም። መልቲሜትር (ቮልት መለኪያ) ካለህ የተበላሸ ኢርፎን ገመድ ቆርጠህ መቅጃው ላይ ሰካና ከጃኩ ጫፍ በሚመጣው ሽቦና በመሬቱ (በጋራው መመለሻ) ሽቦ መካከል ለካ። ከ2 እስከ 3 ቮልት ካሳየህ ችግሩ መቅጃው አይደለም።

አዘዞ
ጃኩን ዓይተኸዋል? ጥቁር ቀለበቶቹን ቁጠራቸው።

የማራኪው ልጅ
ሦስት ናቸው።

አዘዞ
አለቀ። ሦስት ቀለበት፣ ማለት አራት ክፍል፣ የስልክ ነው፤ መቅጃ የሚፈልገው ባለ ሁለት ቀለበቱን፣ ባለ ሦስት ክፍሉን ነው። የስልኩ ጃክ ላይ ማይኩ ያለው ከታች፣ ከገመዱ አጠገብ ባለው ክፍል ነው። መቅጃው ደግሞ እዚያ ቦታ ላይ መሬቱን ነው የሚጠብቀው። ቮልቱ በጫፉ በኩል ቢመጣም ማይኳ ጋ አይደርስም። ከባለ አራት ወደ ባለ ሦስት ክፍል የሚቀይር አጭር አዳፕተር ግዛ። ተጠንቀቅ፣ የተገላቢጦሹም ይሸጣል፤ እኔ ሁለቴ ተሸውጃለሁ። ለሁለት የሚከፈለውን ካገኘህም ይሆናል፣ የማይክ ምልክት ያለበትን እግር መቅጃው ላይ ትሰካለህ።

ማሲንቆ ወዳድ
ለሌሎች አንባቢዎች፦ ገመዷ ላይ የራሷ ባትሪ ያላት ማይክም አለች። አብዛኞቹ ኤልአር 44 የምትባለውን ትንሽ ክብ ባትሪ ነው የሚወስዱት፣ ሰዓት ሠሪዎች ጋ አይጠፋም። መቅጃ ላይ ስትሰኩ ማብሪያውን ካሜራ የሚለው ላይ አድርጉት፤ ስትጨርሱ አጥፉት። እኔ አንዴ ረስቼው ሠርግ ቤት ሄጄ ባዶ ፋይል ይዤ ተመለስኩ፤ አዝማሪው እስካሁን ይስቅብኛል።

የማራኪው ልጅ
ፒያሳ ሞባይል ጥገና ቤት አዳፕተሩን አገኘሁ። ሠራ!! ግን ሁለት ነገር፦ ድምፁ በግራ ጆሮ ብቻ ነው የሚመጣው፤ ደግሞ አያቴ በተንቀሳቀሱ ቁጥር ኮሽ ኮሽ ይላል።

ማሲንቆ ወዳድ
የግራው ቀላል ነው፣ መቅጃውን ሞኖ አድርገው። ኮሽታው ጋቢ ነው አይደል? ጋቢው ላይ አትስካት። ሸሚዛቸው ላይ፣ ከአገጫቸው አንድ ስንዝር ዝቅ አድርገህ ስካት፣ ጋቢውን ከደረታቸው ገለጥ አድርግላቸው። ገመዱንም ከመቆንጠጫው ሥር አንዴ ጠቅልለህ በፕላስተር ያዘው፤ ሲጎተት ማይኳ እንዳትነካ።

የማራኪው ልጅ
አሁን ፀጥ አለ። አያቴ ግን ማይኳን እያዩ «ይቺ ቁልፍ ናት የምትሰማኝ?» ብለው አንድ ሰዓት ሙሉ ለእሷ ነው ያወሩት።