ቁጥሩ እንደገና የተመታ ሞተር በዳኞች ፊት ኦሪጅናል ይባላል ወይ?

ጥያቄው፣ ከደብረ ማርቆስ፦ በአሜሪካ የታደሱ የድሮ ስፖርት መኪናዎች በሚዳኙባቸው ትርኢቶች አንድ ክርክር አልበረደም። የራሱ ሞተር የጠፋበት መኪና ከሌላ አቻ መኪና ብሎክ፣ ማለትም የሞተሩ ዋና አካል፣ ይገባለታል፤ ከዚያም የብሎኩ የቀድሞ ቁጥር ተፍቆ የመኪናው ቁጥር ይመታበታል። ሥራው ዳኛን እስከማሳሳት የተዋጣለት ከሆነ ሙሉ ነጥብ ይገባዋል ወይ? ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ይሁን።

ከቡሬ፦ የጋራዥ ሰው ነኝና ከብሎኩ ልጀምር። በኮርቬት፣ በአሜሪካው የሼቭሮሌ ስፖርት መኪና ላይ፣ ቁጥሩ የሚመታው ከቀኙ ቴስታታ (የሲሊንደሮቹ ክዳን) ፊት በምትገኝ ጠባብ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ነው። ፋብሪካው ያንን ገጽ ሲያስተካክል መቁረጫው ቀጫጭን ትይዩ መስመሮችን ትቶ ያልፋል፤ የቀድሞውን ቁጥር ለማጥፋት የሚሞርድ ሰው መስመሮቹንም አብሮ ያጠፋቸዋል። ብልጡ መልሶ ሊሠራቸው ይችላል፤ ነገር ግን ብረቱ ሲፈስ ከቅርጹ ጋር አብሮ የወጣው፣ በብሎኩ የኋላ ክፍል ጎልቶ የሚነበበው ቀን በቀላሉ እጅ አይሰጥም። በ1963 ሞዴል መኪና ላይ «ሲ 14 3» የሚል ቢገኝ፣ ሲ ሦስተኛውን ወር፣ 3 የዓመቱን መጨረሻ አሃዝ ስለሚያመለክት፣ ማርች 14 ቀን 1963 ማለት ነው፤ መኪናው በፌብሩዋሪ ከፋብሪካ ወጥቶ ከሆነ ያ ብሎክ በዚያን ጊዜ ገና አልተወለደም። በእኛ አገር የሞተር ቁጥር ሊብሬ ላይ ይሰፍራል፤ ሞተር የለወጠ ሰው ሊብሬውን ያስተካክላል እንጂ ብሎኩን አይሞርድም። ስለዚህ መልሴ አይገባውም የሚል ነው።

ከባሕር ዳር፦ የቡሬው ወንድሜ ያሉትን የእጅ ሥራ አልክድም፤ መደምደሚያው ግን አላሳመነኝም። በ1974 የተመሠረተው የኮርቬት አዳሾች ብሔራዊ ማኅበር የሚመዝነው መኪናው ከፋብሪካ በወጣበት ዕለት የነበረውን መልክ መያዝ አለመያዙን ሲሆን፣ ከፍተኛውን ሽልማቱን ለማግኘት ከነጥቡ 94 በመቶ ያስፈልጋል። ቀለሙ አዲስ ነው፤ የወንበሩ ልብስ አዲስ ነው፤ የካንዴላ ገመዱ በድሮው አምሳል ትናንት የተመረተ ነው፤ ሁሉም ነጥብ ያገኛል። እንዲያውም ፋብሪካው ከቀባው በላይ ያብረቀረቀ መኪና ነጥብ ይቀነስበታል፤ ይህ ደንብ ደስ ይለኛል። ታዲያ አምሳያው ሁሉ ተፈቅዶ ሞተሩ ላይ ሲደረስ ብቻ ሃይማኖት የምናደርገው ለምንድን ነው? በፈረንሳይ «ለ ማን» ከተማ የሚካሄደውን የ24 ሰዓት የመኪና ውድድር በ1929 እና በ1930 ያሸነፈው የእንግሊዝ መኪና ቤንትሌይ፣ «አሮጌው ቁጥር አንድ» የሚባለው፣ በ1990 ለንደን ላይ ለፍርድ ቤት ቀርቦ ነበር። ገዢው ከቀድሞው አካሉ የቀረው ጥቂት ነው ብሎ ውሉን ቢያፈርስም፣ ፍርድ ቤቱ መኪናው ያው መኪና ነው ሲል ለሻጩ ፈርዷል።

ከሞጣ፦ እኛ ዘንድ በአባይ ላይ ያለውን ሰባራ ድልድይ ያየ ሰው ይህ ጉዳይ አይጠፋውም። በጣልያን ወረራ ጊዜ የተሰበረው መካከሉ በኋላ ዘመን በሌላ ቁሳቁስ ተያይዞ ነበር፤ ሆኖም አሮጌውን ድንጋይ ከአዲሱ የማይለይ ዐይን አልነበረም። ዓለም አቀፉ የጥንታዊ ተሽከርካሪዎች ፌዴሬሽን በ2012 ያጸደቀው የቱሪን ቻርተርም የተተኩ ክፍሎች ጎልቶ በማይታይ ነገር ግን በማይጠፋ ምልክት እንዲለዩ ይመክራል። ቁጥር መልሶ መምታት የዚህ ተቃራኒ ነው፤ የተተካው እንዳይታወቅ የሚደከምበት ሥራ ነውና።

ከባሕር ዳር፦ ድልድዩ ለሽልማት አይቀርብም፤ ምሳሌው ለእኔ ሩቅ ነው። ቻርተሩን ግን እቀበላለሁ።

ከቡሬ፦ ስለ ቤንትሌዩ አንድ ነገር ቀርቷል። ያ መኪና የተለወጠው በውድድር ሕይወቱ ውስጥ ደረጃ በደረጃ ነበር፤ ፍርድ ቤቱም ስሙን በሕግ ሊወርስ የሚችል ሌላ መኪና የለም ብሏል። ብሎኩ ከሌላ ኮርቬት ሲወሰድ ግን የዚያ የሌላው መኪና ቁጥር ይፋቃል፤ ነገ የዚያኛው ባለቤት ሞተሬን እፈልጋለሁ ቢል መፈለጊያው ጠፍቶበታል። የካንዴላ ገመድ የማንንም ማንነት አይፍቅም። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው።

ከደጀን፦ የአባይን በረሃ የሚወጣ ኮርቬት እስካሁን አላጋጠመኝም፤ ቢሆንም ልጠይቅ። መኪናውን ተታሎ የገዛው ሰው ለትርኢት ቢያቀርበውስ? እሱን አጭበርባሪ ማለት ይቻላል?

ከቡሬ፦ አይቻልም፣ ጋሼ። ዳኛው የሚመዝነው ብሎኩን ነው፤ የሞተሩን ነጥብ ይቀንሳል፣ ምክንያቱን በውጤት ወረቀቱ ላይ ይጽፋል፤ ገዢውም ያንኑ ወረቀት ይዞ ሻጩን መጠየቅ ይችላል።

ከባሕር ዳር፦ ባለቤቱ አስቀድሞ «ብሎኩ የተተካ ነው፤ ቁጥሩም በኋላ የተመታ ነው» ብሎ በጽሑፍ ካስመዘገበስ? በዚህ ጊዜ የሚቀነሰው የቁጥሩ ነጥብ ብቻ ሊሆን ይገባል፤ ለቀረው የሞተር ሥራ ሙሉ ነጥብ ይሰጠው እላለሁ።

ከቡሬ፦ ካስመዘገበ እስማማለሁ፤ የተፋቀው የቀድሞ ቁጥርም ከታወቀ በዚያው መዝገብ ላይ ይስፈር።