«አፈ ቢላዋ፣ ልበ ቶፉ» ትርጉሙ ምንድን ነው?

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። ጎረቤቴ ቻይናዊት እናት ናቸው፤ ከአገራቸው ከወጡ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል። ቅዳሜ ጠዋት በነጭ ጨርቅ የቋጠሩትን ቶፉ ድንጋይ ጭነውበት፣ ውኃው ጠብ ጠብ እያለ፣ ስለ ሟች እናታቸው ሲያጫውቱኝ «ዳውዝ ዝዌ፣ ዶውፉ ሺን ነበረች» አሉኝ። ልጃቸው «ቢላዋ አፍ፣ ቶፉ ልብ» ብላ ተረጎመችልኝ። ይህ በአማርኛ እንዴት ይባላል? ቶፉንስ «የአኩሪ አተር አይብ» ብዬ ብጽፈው ያስኬዳል?

መልስ፦
እህቴ፣ አማርኛ ቅርጹ አለው። አፈ ጮሌ፣ ልበ ሙሉ እንደምንለው «አፈ ቢላዋ፣ ልበ ቶፉ» ማለት ይቻላል። ምላሷ ይቆርጣል፣ አንጀቷ ግን አይችልም፤ ስትቆጣ ውላ ማታ የምታጎርስ እናት ናት። የእኛ ተረት ደግሞ ፍጹም ተገላቢጦሽ ነው፦ «አፉ ቅቤ፣ ልቡ ጩቤ»። ይህን ሳስተያይ ሁልጊዜ ይደንቀኛል። ቢሆንም ቶፉውን በቅቤ አትለውጪው፤ ቅቤ በእኛ ቋንቋ ሽንገላ ይሸታል፣ የሴትዮዋ ቶፉ ግን ርኅራኄ ነው።

ወደ አይቡ እንምጣ። «ዶው» የባቄላና የአተር ዘር የጋራ ስም ነው። የ«ፉ» ፊደል ብቻውን ሲቆም «መበስበስ» ማለት ስለሆነ፣ በጃፓን አንዳንድ አምራቾች ያንን ትተው ድምፁ ያው «ፉ» በሆነ፣ ትርጉሙ ግን «ሀብት» በሆነ ፊደል ይጽፉታል። ነገሩ ግን አልበሰበሰም፤ ረግቷል። አኩሪ አተሩ ተዘፍዝፎ፣ ተፈጭቶ፣ ፈልቶ፣ ተጨምቆ ወተቱ ሲወጣ ለምግብ የሚሆን ጄሶ ወይም ከባሕር ጨው የሚቀር መራራ ውኃ ያረጋዋል። እኛ ከ«ረጋ» «እርጎ»ን አውጥተን የለ? ስለዚህ «አይብ» አሠራሩን ያስረዳል። አሜሪካዊው ሊቅና ፖለቲከኛ ቤንጃሚን ፍራንክሊንም እ.ኤ.አ. በ1770 ከለንደን ሲጽፍ አይብ ብሎታል፤ ስሙን ግን «ታው ፉ» ብሎ አብሮ አኑሯል። አንቺም እንዲሁ አድርጊ። ምክንያቱም ስሙ የስደተኛውን መንገድ ይዟል፦ የኢንዶኔዥያው «ታሁ» እና የፊሊፒንሱ «ታሆ» ከቻይናዋ የፉጂያን ግዛት በባሕር የሄዱ ሰዎች የሆኪየን ንግግር ናቸው፤ የኮሪያው «ዱቡ» ነው፤ በእንግሊዝኛ በኩል የደረሰን «ቶፉ» ደግሞ የጃፓኖች አጠራር ነው።

ተጨማሪ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ተርጓሚዎች የሚጠነቀቁበት አንድ ነገር ልጨምር፤ በቻይንኛ «ቶፉ መብላት» ሴትን መተንኮስ፣ ያለ ፈቃዷ መዳሰስ ማለትም ነው። በኮሪያ ግን ከእስር የተፈታ ሰው ነጭ ዱቡ ያጎርሱታል፤ እንደ ዱቡው ንጹሕ ሆኖ እንዲኖር፣ ዳግም እንዳይገባ።

ጠያቂዋ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ አማርኛውን በወረቀት ጽፌ ወሰድሁላቸውና ጮክ ብዬ አነበብሁላቸው። ፊደሎቹን በጣታቸው እየተከተሉ «ልቧ የትኛው ነው?» ብለው በልጃቸው በኩል ጠየቁኝ። «ልበ» የሚለውን አሳየኋቸው። ወረቀቱን አጥፈው ከእናታቸው ፎቶግራፍ ሥር አስቀመጡት።