የጣና ገባር ወንዞች የጋራ ጥናት፦ በረቂቁ ላይ የተሰጠ የአባላት አስተያየት

ጸሐፊ፦

ውድ አባላት፣ ለምርምር ድጋፍ የምናቀርበው የጋራ ዕቅድ ረቂቅ ደርሷችኋል። ድጋፍ ሰጪው የሚጠይቀው አጭር ነገር ነው፤ አንድ የጥናት ጥያቄ፣ የተወሰነ ቦታ፣ የሁለት ዓመት ሥራ። የእኛ ረቂቅ ግን አራት ወንዝ፣ አንድ ሙሉ ሐይቅና ቢያንስ ስድስት ጥያቄ ይዟል። እምቦጩም፣ ነጭ ዓሣውም፣ ፀረ ተባዩም፣ የከተማው ፍሳሽም፣ ወፉም፣ ደንገሉም አለ። ሁሉም የራሱን ጨምሯል፤ የቀነሰ ግን የለም። ምን ይውጣ፣ ምን ይቅር የሚለውን እስከ ዓርብ ማታ ጻፉልኝ። «ሁሉም አስፈላጊ ነው» የሚል አስተያየት አልቀበልም፤ ማስፈለጉን እኔም አውቃለሁ።

የዓሣ ተመራማሪ፦

እንግዲያው ከቦታው እንጀምር። ግልገል ዓባይን፣ ጉማራን፣ ርብንና መገጭን በአንድ ጊዜ ለማዳረስ መኪናም ሰውም የለንም። ጉማራ ብቻውን ይበቃናል እላለሁ። ርብ ላይ ግድብ ስለተሠራ የዓሣው መቀነስ ከግድቡ ይምጣ ከውኃው ጥራት ለመለየት ያስቸግረናል።

በሙያው ውስጥ ላልሆኑ አባላት ትንሽ ላብራራ። ነጭ ዓሣ እያልን በጅምላ የምንጠራቸው፣ በሳይንስ ስማቸው ላቢዮባርበስ የሚባሉት የጣና ዓሦች 17 ያህል ዝርያዎች ናቸው። ከእነዚህ 15ቱ ከጣና በቀር በዓለም ላይ የትም አይገኙም። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታች የሚመጣውን ዓሣ ስለሚያግድ በሐይቁ ውስጥ ተነጥለው፣ እንደ አመጋገባቸውና እንደ መኖሪያቸው ተለያይተው ብዙ ዝርያ ሆኑ። ስምንቱ ሌላ ዓሣ አድነው የሚበሉ ናቸው፤ በአፉ ጥርስ ለሌለው ለዚህ የዓሣ ቤተሰብ ይህ እንግዳ ነገር ነው። በፊሊፒንስ ላናኦ ሐይቅ ተመሳሳይ ስብስብ ነበር፤ ከውጭ የገቡ ዓሦችና ያልተገታ ማስገር አጠፉት። ስለዚህ የቀረው የእኛው ነው።

ከእነዚህ ዝርያዎች ብዙዎቹ በክረምት ከሐይቁ ወጥተው በወንዝ ሽቅብ ይጓዛሉ። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ፣ ይልቁንም በነሐሴና በመስከረም፣ ጉማራና ገባሮቹ ውስጥ ንጹሕ ጠጠር ፈልገው እንቁላላቸውን ይጥላሉ። እንቁላሉ በጠጠሩ መካከል ተወሽቆ ውኃ እየፈሰሰበት መተንፈስ አለበት። ደለል ከሸፈነው ያበቃለታል።

አሁን ረቂቃችን ላይ የተቀመጠውን የናሙና መርሐ ግብር ተመልከቱ፦ ኅዳር፣ ጥር፣ መጋቢት፣ ግንቦት። ዓሣው ወንዝ ውስጥ በሌለበት ጊዜ ሄደን የወንዙን ውኃ ልንለካ ነው።

የውኃ ኬሚስት፦

ዶክተር፣ መርሐ ግብሩ የወጣው እንዲሁ አይደለም። ከሐምሌ ጀምሮ ወደ ወንዙ አፍ የሚወስደው የፎገራ መንገድ ጭቃና ውኃ ነው፤ መኪና ይሰምጣል። ናሙናው ደግሞ በበረዶ ተይዞ በቶሎ ቤተ ሙከራ መድረስ አለበት፤ የባክቴሪያ ምርመራ ቀናት አይጠብቅም። በዚህ አገር የውኃ ጥራት መረጃ በብዛት የበጋ የሆነው ተመራማሪ ሰነፍ ስለሆነ አይመስለኝም።

ይህን ካልኩ በኋላ፣ በመሠረተ ሐሳቡ እስማማለሁ። ፎስፈረስ አብዛኛውን ጊዜ ከአፈሩ ቅንጣት ጋር ተጣብቆ ስለሚጓዝ አንድ ትልቅ ጎርፍ የበጋው ወራት ተደምረው ከሚያወርዱት የበለጠ ሊያወርድ ይችላል። ማዳበሪያ የሚበተነውም ዝናብ ሲገባ ነው። የበጋ ናሙና ብቻ ይዘን «ጉማራ ወደ ጣና ይህን ያህል ፎስፈረስ ያስገባል» ብንል ማንም አዋቂ አያምነንም።

መፍትሔ አለኝ። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚሄደው አስፋልት ጉማራን የሚሻገርበት ድልድይ ክረምት ከበጋ ይደረስበታል። ዋና ጣቢያችን እርሱ ይሁን። ከድልድዩ በገመድ ባልዲ አውርዶ ናሙና መቅዳት ይቻላል፤ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት በየሳምንቱ፣ በቀሩት ወራት በወር አንድ ጊዜ። ወደ ወንዙ አፍ ደግሞ በሐይቁ በኩል በጀልባ እንገባለን።

ስለሚለካውም ልናገር። የሟሟ ኦክስጅን የሚለካ ሰው ጎሕ ሲቀድ ወንዙ ዳር መገኘት አለበት። ቀን ቀን አልጌው በፀሐይ ኦክስጅን ያመርታል፤ ሌሊት ግን አልጌውም፣ ዓሣውም፣ የሚበሰብሰውም ሁሉ ያንኑ ይጠቀማል። ዝቅተኛው ልክ የሚገኘው ፀሐይ ከመውጣቷ በፊት ነው። ቁርስ በልቶ ረፋድ ላይ የሚደርስ ቡድን ያማረ ቁጥር ይዞ ይመለሳል፤ ዓሣው የታፈነው ግን ሌሊት ነው።

የፀረ ተባይ ቅሪት ምርመራ ውድ ነው። በጀታችን ለሁሉም ናሙና አይበቃም። ለሩዝና ለሽንኩርት ማሳ በሚረጭባቸው ሳምንታት ብቻ፣ በጥቂት ነጥቦች እንዲሆን ሐሳብ አቀርባለሁ።

በኔዘርላንድ የምትኖር አባል፦

አንድ የማይወደድ ነገር ልናገር። እምቦጭን ከርዕሱ ካወጣን ዕቅዱን የሚያነብልን እናጣለን የሚል ስጋት አለ። አረሙ በጣና ላይ መታየቱ በይፋ ከተነገረበት እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ ስለ ሐይቁ የሚጠየቅ ሁሉ ስለ እምቦጭ ነው የሚጠየቀው። እኔ ግን ይውጣ ባይ ነኝ። አረሙ ውኃው በንጥረ ነገር መክበሩን ከሚያሳዩ ምልክቶች አንዱ ነው፤ ምግቡ የሚመጣው በእነዚሁ ወንዞች ነው። የገባውን ሳንለካ የበቀለውን ብቻ ስንለካ ኖረናል።

ሙሉ በሙሉ አይቅር። የሳተላይት ሥራውን እኔ ከዚህ ሆኜ በነጻ እሠራለሁ። ሴንቲኔል 2 የተባሉት የአውሮፓ ሳተላይቶች በየአምስት ቀኑ ምስል ይሰጣሉ፤ ችግሩ በክረምት ጣና በደመና መሸፈኑ ነው። ሴንቲኔል 1 ራዳር ስለሆነ ደመናውን አልፎ ያያል። ሁለቱን አቀናጅቼ በወንዙ አፍ ላይ የተንሳፈፈውን አረም ስፋት አወጣለሁ። የኬሚስትሪ ቡድኑ ከአረሙ ሥር ያለውን ኦክስጅን ቢለካልኝ ደግሞ አረሙ የዓሣውን መግቢያ ይዘጋ እንደሆነ መናገር እንችላለን።

የዓሣ አስጋሪዎች ተወካይ፦

በልጄ እጅ ያስጻፍኩት ነው። እንደምን ከረማችሁ።

ዶክተር የተናገረው እውነት ነው፤ ዓሣው የሚወጣው በክረምት ነው። የመጀመሪያው ትልቅ ጎርፍ መጥቶ ውኃው ቡና ሲመስል በወንዙ አፍ ይሰበሰባል። ይህን እኛ ብቻ ሳንሆን መረብ የሚጥለውም ሁሉ ያውቀዋል። ያን ጊዜ የያዝካት እናት ዓሣ ሆዷ ሲነካ እንቁላሏ በጀልባው ወለል ላይ ይፈሳል። የፍልሰታ ጾም ስለሚሆንም ዓሣ የሚበላው ሰው ገበያውን ይፈልገዋል። ላይኛው ወንዝ ውስጥ ደግሞ ብርብራ ወቅጠው የሚበትኑ አሉ፤ ትልቁም ትንሹም ሰክሮ ይንሳፈፋል፤ የሚለቀመው ጥቂቱ ነው፣ የቀረው በስብሶ ይቀራል። አሁን የመጣው ስስ የናይሎን መረብ ደግሞ ዋጋው ርካሽ ስለሆነ ተቀዶ እንኳ ውኃ ውስጥ ይጣላል፤ ተጥሎም ዓሣ መያዙን አይተውም።

ረቂቃችሁ ላይ ያላየሁት አሸዋውን ነው። ዓሣው ሄዶ የሚያርፍበት ጠጠር በጭነት መኪና እየተጫነ ለግንባታ ይሄዳል። ውኃውን ብትለኩ፣ ብታጠሩትም፣ የሚያርፍበት ከሌለ ምን ይሆናል?

ሁለተኛው ነገር ይህ ነው። ጥናቱ አልቆ «በነሐሴና በመስከረም አይሰገር» የሚል ወረቀት ይወጣል። የ1995ቱ የዓሣ አዋጅ ቁጥር 315 አለ፤ አዋጅ አላጣንም። በእነዚያ ሁለት ወራት አስጋሪው ምን ይብላ የሚለውን ግን ማንም አይጽፈውም። ከእናንተ ጋር የምሠራው ይህም አብሮ ከተጠና ነው።

የዓሣ ተመራማሪ፦

ጋሼ፣ የጠጠሩን ነገር በደንብ አነሡት። አሸዋ የሚወጣባቸውንና የማይወጣባቸውን የመራቢያ ቦታዎች ጎን ለጎን ብናነጻጽር ከጥያቄዎቻችን ሁሉ በቀላሉ መልስ የሚያገኘው ይህ ነው። ድንጋይ እየገለበጥን በሥሩ ያሉትን የነፍሳት እጮች መቁጠርም ይቻላል። ንጹሕና ኦክስጅን የበዛበት ውኃ የሚወዱ እጮች አሉ፤ ውኃው ሲበላሽ ቀዩ የቢንቢ መሰል እጭና ትላትሉ ይበዛሉ። ወንፊት፣ ነጭ ሣህንና አጉሊ መነጽር ይበቃል፤ ለዚህ ውድ ማሽን አንፈልግም።

ሌላም ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1986 በሞተር ጀልባ ለገበያ ማስገር ተጀመረ፤ በ1990ዎቹ ከኔዘርላንዱ ዋኽኒንገን ዩኒቨርሲቲ ጋር የሠሩ ተመራማሪዎች ወደ ወንዝ የሚወጡት ዝርያዎች ክፉኛ እንዳሽቆለቆሉ አሳይተዋል። መነሻ ቁጥር አለን ማለት ነው። በተመሳሳይ መረብ፣ በተመሳሳይ ወር ብንደግመው ማነጻጸር እንችላለን።

የወፍ ተመራማሪ፦

የአውሮፓን ብርድ ሽሽት የሚመጡት ክሬን የሚባሉት ረጃጅም እግር ያላቸው ወፎች በሐይቁ ዳር ረግረግ ይሰፍራሉ፤ የሚቆጠሩትም በእኛ በጋ ነው። የእናንተ ሥራ ወደ ክረምት ከዞረ የእኔ ክፍል ከዚህ ዕቅድ ጋር አይሄድም። አውጡት። ለብቻው አቀርበዋለሁ። የጀልባውን ቀን ስታወጡ ግን አንድ ወንበር አስቀምጡልኝ፤ የወንዙ አፍ ደንገል ምን ያህል እንደቀረ ማየት እፈልጋለሁ።

የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ፦

ሌሊት በነሐሴ ወንዝ ዳር የሚያድረው ማን ነው? እኔ ከሆንኩ ደስ ይለኛል፤ ግን አጎበር፣ የዝናብ ልብስ፣ የሕይወት አድን ጃኬትና የመንገዱን ደኅንነት አስቀድሞ የሚያረጋግጥ ሰው በበጀቱ ውስጥ ይግባልኝ። ባለፈው ባየሁት የወጪ ሰንጠረዥ ለስብሰባ ሻይ የተመደበ አለ፤ ለአጎበር የለም።

ጸሐፊ፦

ሻዩ ወጥቷል፤ አጎበሩ ገብቷል።

ከላይ በተባለው መሠረት የጥናት ጥያቄውን እንዲህ ጽፌዋለሁ፦ «በጉማራ ወንዝ በክረምት ወራት የሚወርደው ደለልና ንጥረ ነገር እንዲሁም የአሸዋ መውጣት፣ የጣና ነጭ ዓሣ በመራቢያ ቦታው እንቁላሉ እንዲፈለፈል ምን ያህል ያግደዋል? በመራቢያው ወራት የማስገር ዕረፍት ቢታወጅ አስጋሪው ቤተሰብ ምን ያጣል?» የከተማው ፍሳሽ፣ ወፉና ሦስቱ ወንዞች ወጥተዋል። እምቦጭ ከርዕሱ ወጥቶ በሳተላይት የሚለካ አንድ ነጥብ ሆኗል።

የውኃ ኬሚስት፦

«ምን ያህል ያግደዋል» የሚለው ከባድ ነው። እንቁላሉን በጠጠር መካከል በወንፊት ሣጥን አኑረን፣ በሕይወት የተረፈውን ካልቆጠርን መልስ አይኖረንም። ዶክተር፣ ይህን ሥራ ይወስዳሉ?

የዓሣ ተመራማሪ፦

እወስዳለሁ። ጎርፉ ሣጥኖቹን ስለሚወስድ ትርፍ ሣጥን ይጻፍልኝ።

የዓሣ አስጋሪዎች ተወካይ፦

ሁለተኛውን ጥያቄ በማየቴ ደስ ብሎኛል። መረብ የሚጥሉት አስጋሪዎች የያዙትን በየዝርያው ይመዝኑ፣ ርዝመቱንም ይለኩ፤ የሚከፈላቸው ግን እንደ ቀን ሠራተኛ ሳይሆን እንደ መረጃ ሰብሳቢ ይሁን። ዝርያውን ከተማሪው በተሻለ የሚለዩ ልጆች አሉኝ።

ጸሐፊ፦

ጋሼ፣ በሠራተኞች ዝርዝር ውስጥ ገብቷል፤ የክፍያው መጠን ከቤተ ሙከራ ረዳቶቹ እኩል ነው። ድጋፍ ሰጪው ይህን መስመር ቀንሱ ካለ ሌላ ወጪ እንቀንሳለን እንጂ ይህን አንነካም። የበጀት ሠንጠረዡን ኬሚስቷ፣ የዓሣውን ዘዴ ዶክተር፣ የሳተላይቱን ክፍል የኔዘርላንዷ አባላችን እስከ ሰኞ ይላኩልኝ። ተማሪው የድልድዩን ጣቢያ ሄዶ ያየና ገመዱ ስንት ሜትር መሆን እንዳለበት ይጻፍ።